ኪራያችን የሚወሰነው ኦሎምፒያ ነው



ዛሬ የምናገረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። በሲያትልና በዙሪያዋ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ የኪራይ ነገር ሳይነሳ የሚውልበት ቀን የለም። ለቅሶ ቤት ይነሳል፣ ክርስትና ላይ ይነሳል፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ይነሳል። ስንት ጨመሩብህ? ስንት ጨመሩብሽ? እንባባላለን። ወገብ የሚቆርጥ ቁጥር እንሰማለን። ከዚያ «ምን ይደረጋል!» ብለን እንለያያለን።

እኔ የመጣሁት የሚደረግ ነገር አለ ለማለት ነው። የሚደረገውም ከዚህ ወደ ደቡብ 60 ማይል ያህል ርቃ በምትገኘው በግዛታችን ዋና ከተማ በኦሎምፒያ ነው። ስለ አራት ኪሎ ሲከራከር የሚያድር ሕዝብ ስለ ኦሎምፒያ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳያወራ መክረሙ ያሳዝነኛል። የአገር ቤቱን ጉዳይ ተዉት አልልም፤ እሱ አንጀታችን ነው። ነገር ግን በየወሩ መጀመሪያ ከኪሳችን የሚወጣውን ገንዘብ የሚነካው ሕግ የሚወጣው እዚሁ ነው። (ዓመቶችን ስጠራ፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ብዙ ሰው «ከንቲባው ለምን አከራዮችን አይቆጣጠርልንም?» ሲል እሰማለሁ። ከንቲባው ቢፈልግም አይችልም። በዋሽንግተን ግዛት ከተማም ሆነ ካውንቲ የኪራይ ጣሪያ እንዳያወጣ የሚከለክል ሕግ በ1981 ወጥቷል፤ ዛሬም አልተሻረም። ሲያትል፣ ኬንት፣ ቱክዊላ፣ ሬንተን፣ ሁሉም በዚህ እጃቸው ታስሯል። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ገብተን ብናለቅስ እንኳ የሚያዳምጡን ሰዎች የኪራይ ጭማሪ ላይ ገደብ የማድረግ ሥልጣን የላቸውም። ሥልጣኑ ያለው የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ዘንድ ነው።

ይህ ምክር ቤት 147 አባላት አሉት። ግዛቱ በ49 ወረዳዎች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች ይልካል። ሬኒየር ቫሊ የሚኖር ሰው 37ኛው ወረዳ ውስጥ ነው። ሲታክና ዴስ ሞይንስ 33ኛው ናቸው። ቱክዊላ 11ኛው ነው። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሰዎች አሉን ማለት ነው፤ ደመወዛቸውን የምንከፍላቸው፣ ስልካችንን ሊያነሱልን የሚገባ ሦስት ሰዎች።

አሁን አንድ ሕግ ከመነሻው እስከ መድረሻው ልተርክላችሁ፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም። በ2024 የኪራይ ጭማሪን በዓመት 7 በመቶ ላይ የሚገድብ ረቂቅ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ስፖንሰሯ ከምዕራብ ሲያትል የተመረጠችው ኤሚሊ አልቫራዶ ነበረች። ረቂቁ ሴኔት ደረሰና የገንዘብ ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። ድምፅ ሳይሰጥበት ሞተ። በ2025 ቁጥር 1217 ተብሎ እንደገና ቀረበ። ተወካዮች አሳለፉት። ሴኔት ጣሪያውን አንስቶ 10 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረት አደረገው፤ ለብቻቸው የቆሙ ቤቶችንም ከሕጉ አወጣ። ተወካዮች ይህን አንቀበልም አሉ። ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ አስታራቂ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ የጉባኤው መጨረሻ ቀን፣ ኤፕሪል 27፣ ስምምነቱ ጸደቀ። ገዥው ቦብ ፈርጉሰን ሜይ 7 ቀን 2025 ፈረሙበት፤ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ከኦሪገንና ከካሊፎርኒያ ቀጥሎ በግዛት ደረጃ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ያወጣ ሦስተኛው ግዛት ዋሽንግተን ሆነ።

ሕጉ የሚለውን በገንዘብ ላሳያችሁ። ሁለት ሺህ ዶላር የምትከፍል እናት አለች እንበል። አከራዩ በሚቀጥለው ዓመት 2,600 ትከፍያለሽ ብሎ ደብዳቤ በር ላይ ይለጥፋል። ከሕጉ በፊት ይህ ደብዳቤ ሕጋዊ ነበር፤ ወይ ትከፍላለች፣ ወይ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። አሁን ጣሪያው 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረት፣ ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ ቢበዛ ቢበዛ 2,200 ነው። ልዩነቱ በወር 400፣ በዓመት 4,800 ዶላር ነው። ገብታ 12 ወር ሳይሞላት ጭማሪ የሚባል ነገር አይነካትም። ከዚያም በኋላ አከራዩ ጭማሪውን ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሕጉን የጣሰ አከራይ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ተከሶ ለአንድ ጥሰት እስከ 7,500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ይህን ያልሰማ ወገን ዛሬም ከጣሪያው በላይ እየከፈለ ሊሆን ይችላል፤ እባካችሁ ንገሩት።

ሕጉ ፍጹም አይደለም። አሥር በመቶ ራሱ ደመወዙ በዓመት ሦስት በመቶ ለሚጨመርለት ሰው ከባድ ነው። ተከራይ ሲወጣ አከራዩ ለሚቀጥለው ተከራይ የፈለገውን ዋጋ መጥራት ይችላል። ከተሠሩ 12 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች አይነኩም። የኪራይ ጭማሪው ጣሪያም በ2040 ያበቃል። እንዲያም ሆኖ በ2024 ኮሚቴ ውስጥ የሞተ ረቂቅ ነው፤ ተነሥቶ ሕግ የሆነው ሰዎች ስለጮሁ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤት ገዝታችሁ ምድር ቤቱን ወይም አንድ ክፍሉን የምታከራዩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ይህ ሕግ እኛን ሊጎዳ ነው» የሚል ስጋት ተነሥቷል። ወጥ ቤቱን ወይም መታጠቢያ ቤቱን ከተከራዩ ጋር የሚጋራ ባለቤት የጭማሪ ጣሪያው አይመለከተውም። በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ቤቶች ሕንፃ ውስጥ አንዱ ላይ ራሱ የሚኖር ባለቤትም እንዲሁ። የሕጉ ዓይን ያለው በትልልቆቹ ላይ ነው። ሞርጌጁን ለመክፈል ክፍል የሚያከራየውን ወገናችንንና መቶ ቤቶች ያሉትን ድርጅት በአንድ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይደለም፤ ሕጉም አልመዘነም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ኪራይን በሕግ መገደብ ቤት እንዲጠፋ ያደርጋል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። በሚኒሶታ የሴንት ፖል ከተማ ሕዝብ በ2021 በዓመት 3 በመቶ ብቻ የሚል ጣሪያ በድምፁ አጸደቀ። ጣሪያው አዲስ ሕንፃዎችንም ያጠቃልል ነበር። የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ወዲያው አሽቆለቆለ። ከተማው በ2022 ሕጉን አሻሽሎ አዳዲስ ሕንፃዎችን ለ20 ዓመት ነጻ ለማድረግ ተገደደ። ሳን ፍራንሲስኮ በ1994 ጣሪያዋን ወደ ትናንሽ ሕንፃዎች ባሰፋች ጊዜ የሆነውን የስታንፎርድ ምሁራን አጥንተውታል፦ ተከራዮች ሰፈራቸው ሳይፈናቀሉ ቆዩ፤ አከራዮች ግን ቤቶቹን ወደ ሽያጭ እያዞሩ ለኪራይ የሚቀርበውን 15 በመቶ ቀነሱት። ሁለቱም እውነት ነው።

ይህን ለመረዳት እኛ የፈረንጅ ጥናት አያስፈልገንም። ደርግ በ1967 በእኛ አቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ኪራይ ቀነሰ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ የቀበሌ ቤት አገኘ፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አረጋውያን አሉ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ግን ቀበሌው በሚሰበስባት ጥቂት ብር ጣሪያ መጠገን አልቻለም፣ ለኪራይ ቤት የሚሠራ ሰውም ጠፋ። ትውልድ ተወለደ፣ ከተማው ሰፋ፣ ቤቱ ግን ያው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ያደግን ሰዎች እዚህ አለን። በቅርቡም በእኛው አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኢትዮጵያ መንግሥት ዝቅተኛውን የኪራይ ውል ሁለት ዓመት አድርጓል፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ከልክሏል። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችሁና እናንተ ስለ አንድ ነገር እየተጨነቃችሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ተከራይን መጠበቅና ቤት መሥራት አይነጣጠሉም። ጣሪያ አውጥቶ ቤት የማይሠራ ሕግ ውሎ አድሮ ወረፋ ያመጣል። «ገበያው ራሱ ይሠራዋል» ብሎ ተከራዩን ያለ ጥበቃ የሚተው ሕግ ደግሞ ገበያው እስኪሠራ ድረስ ሰውን መንገድ ላይ ያወጣል። ኦሎምፒያ ላይ የምንጠይቀው ሁለቱንም መሆን አለበት። ቁጥር 1217 ለአዳዲስ ሕንፃዎች የ12 ዓመት ነጻነት የሰጠው ከሴንት ፖል ዓይነቱ ስህተት ለመራቅ ነው፤ በእኔ አስተያየት ትክክል አድርጓል።

ቤት መሥራት ሲባል መጀመሪያ መሬት ይመጣል። የግዛቱ ንግድ መሥሪያ ቤት ዋሽንግተን በሚቀጥሉት 20 ዓመታት 1.1 ሚሊዮን ተጨማሪ ቤቶች እንደሚያስፈልጓት፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መሆን እንዳለባቸው አስታውቋል። ይህ ሁሉ ቤት የት ይሠራል? ሲያትልን ተመልከቱ፤ ለመኖሪያ ከተመደበው መሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ለረጅም ዘመን ከአንድ ቤተሰብ ቤት ሌላ አይሠራበትም ነበር። አፓርትመንት የተፈቀደው በትልልቅ መንገዶች ዳርና ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ ነው ኪራይ ቤቶቻችን አውቶቡስ በሚጮህበት፣ አውሮፕላን በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ የሆኑት።

ይህን የቀየረው ሌላ የግዛት ሕግ ነው። በ2023 የወጣው ቁጥር 1110፣ ዴሞክራቷ ጄሲካ ቤትማንና ሪፐብሊካኑ አንድሩ ባርኪስ አብረው የገፉት፣ ከ75,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች በአንድ ቦታ ላይ አራት ቤት እንዲፈቅዱ፣ ዋና የትራንስፖርት ጣቢያ አጠገብ ደግሞ ስድስት እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። በዚያው ዓመት የወጣው ቁጥር 1337 በከተማ ክልል ውስጥ ቤት ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ትናንሽ ቤቶች እንዲሠራ ፈቅዷል። ይህ ሕግ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። እናቱን ከአገር ቤት አምጥቶ አብሮ መኖር የሚፈልግ፣ ልጁ አግብቶ ርቆ እንዳይሄድበት የሚመኝ፣ ጓሮው ውስጥ ሙሉ ቤት መሥራት ይችላል። ከተማው «አይቻልም» ብሎ ሊከለክለው አይችልም። ይህን ዕድል የተጠቀሙ ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ከመሬት ቀጥሎ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገበያው ብቻውን ለአየር ማረፊያ ጽዳት ሠራተኛ ወይም በጡረታ ለምትኖር እናት የሚሆን ቤት አይሠራም። የመሬቱ፣ የእንጨቱና የሠራተኛው ዋጋ ያው ነው፤ የምትከፍለው ኪራይ ግን ወጪውን አይመልስም። ጉድለቱን የሚሞላ የሕዝብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ከ1986 ጀምሮ የቤቶች አደራ ገንዘብ የሚባል አላት። በ2023 ምክር ቤቱ ለሁለት ዓመት 400 ሚሊዮን ዶላር መደበለት። የፌደራሉን መንግሥት የግብር ቅናሽ ለገንቢዎች የሚያከፋፍለውም አንድ የግዛቱ ኮሚሽን ነው።

እንዲህ ያለ የሕዝብ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ወደ ሬኒየር ቢች ይሂድ። የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ በሲያትል፣ ሂውማንጉድ ከተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጋር ሆኖ በሬኒየር ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ መንደርን አቁሟል፤ ለአረጋውያን የሚሆኑ 90 ቤቶች ናቸው። የሲያትል ከተማ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ገንዘብ ገብቶበታል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ አንዲት እናት ጎረቤቷን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ እንደምን አደርሽ ትላለች፤ ቡና ስታፈላ የሚጠጣላት ሰው አለ። ይህ በምኞት አልመጣም። ማኅበረሰቡ ለዓመታት ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ ባለሥልጣን አሳምኖ ነው። 90 ቤት ግን ለእኛ አረጋውያን ብቻ እንኳ አይበቃም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚፈልግ ሁሉ ኦሎምፒያ ላይ የአደራ ገንዘቡ በየበጀቱ እንዳይቀነስ መቆም አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በ2023 የወጣ ሌላ ሕግ፣ በዘር ክልከላ ምክንያት ቤት እንዳይገዙ ለተደረጉ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ቤት መግዣ ብድር ይሰጣል። ብድሩ የሚመለከተው ከኤፕሪል 1968 በፊት በዚህ ግዛት የኖሩትን ወይም ዘሮቻቸውን ነው፤ አብዛኞቻችን አንገባበትም። «ታዲያ ምን አገባን?» ያለኝ ሰው አለ። እኛ መጀመሪያ ስንመጣ የተቀበለን ሴንትራል ዲስትሪክት ጥቁር አሜሪካውያን ሌላ ቦታ እንዳይገዙ ተከልክለው የሰፈሩበት ሰፈር ነው። እነሱ ባቀኑት ሰፈር ሬስቶራንት ከፈትን፣ ቤተ ክርስቲያን አቆምን። ኪራይ ሲንር አብረን ወደ ስካይዌይ፣ ወደ ሬንተን፣ ወደ ኬንት፣ ወደ ፌደራል ዌይ ተገፋን። ስለዚህ ያገባናል።

የቀረው፣ እንዴት እንናገር የሚለው ነው። የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ጉባኤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ይከፈታል፤ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት 105 ቀን፣ ሙሉ ቁጥር ባለው ዓመት 60 ቀን ይቆያል። ረቂቅ ሕግ የሚሞተው በአብዛኛው ኮሚቴ ውስጥ ነው። አንድ ረቂቅ በቀነ ገደቡ ከኮሚቴ ካልወጣ የዚያ ዓመት ነገሩ አበቃ። የእኛ ሰው የሚሰማው ደግሞ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በዜና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ፤ ኮሚቴው ላይ መድረስ ነው የሚያስፈልገው።

ለዚህ ኦሎምፒያ ድረስ መንዳት ግድ አይደለም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ኮሚቴውን፣ ቀኑንና የረቂቁን ቁጥር መርጣችሁ «ፕሮ» ወይም «ኮን» የሚለውን ትጫናላችሁ፤ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ማለት ነው። ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል። መናገር የማይፈልግ ስሙን ብቻ ያስመዘግባል፤ የደጋፊና የተቃዋሚ ቁጥር ይቆጠራል፣ አባላቱም ያዩታል። መናገር የሚፈልግ ከቤቱ በቪዲዮ ገብቶ መናገር ይችላል፤ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። በጽሑፍ መላክ የሚሻ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ 24 ሰዓት አለው። ዜግነት አይጠየቅም። ስማችሁ ግን በሕዝብ መዝገብ ላይ እንደሚቀመጥ ዕወቁ፤ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው መጀመሪያ ጠበቃውን ያማክር።

በአንድ ደቂቃ ምን ይባላል? «ስሜ እገሌ ነው፤ 37ኛው ወረዳ እኖራለሁ። አየር ማረፊያ እሠራለሁ። ኪራዬ ይህን ያህል ነበር፣ ይህን ያህል ሆነ። ልጄ በሁለት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት ቀየረች። ይህን ረቂቅ ደግፉልን።» በቃ። እንግሊዝኛችን ተሰባበረ ብለን አንፈር። ባለሙያ የቀጠሩ የአከራይ ማኅበራት በየስብሰባው አሉ፣ ንግግራቸውም የተስተካከለ ነው፤ የጎደለው ኪራዩን የሚከፍለው ሰው ድምፅ ነው። በ2019 ኪራይ ያሳለፈ ሰው ከመከሰሱ በፊት የሚሰጠው ቀን ከ3 ወደ 14 ያደገው፣ በ2021 ያለ በቂ ምክንያት ተከራይን ማስወጣት የተከለከለውና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ ፍርድ ቤት ሲቆም ጠበቃ በነጻ እንዲያገኝ የተወሰነው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለተናገሩ ነው። እነዚያን መብቶች ዛሬ እኛ እየተጠቀምንባቸው ነው፤ በተጠየቁበት ጊዜ ግን ከእኛ የተናገሩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ የማኅበር መሪዎች፣ ቀሳውስትና ኢማሞች እዚህ ስላላችሁ ለእናንተ የተለየ ልመና አለኝ። አንድ ወጣት መድቡ፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ የቤት ጉዳይ ረቂቆችን ይከታተል፤ የኮሚቴ ስብሰባ ሲኖር በቡድናችሁ ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ረቂቅ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የሚጫኑት ቁልፍ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። ድረ ገጽ የማይሆንላቸው እናቶችና አባቶች በ1-800-562-6000 ደውለው ለሦስቱም ተመራጮቻቸው መልእክት መተው ይችላሉ፤ ልጆች ሆይ፣ ስልኩን ደውላችሁ አገናኟቸው።

መውጫው ላይ ባለው ጠረጴዛ ወረቀት አለ። የመኖሪያ አድራሻችሁን ስትነግሩን የወረዳችሁን ቁጥርና የሦስቱን ተመራጮች ስም ጽፈን እንሰጣችኋለን። ሳትወስዱ አትሂዱ፤ ወስዳችሁም በዚህ ሳምንት ለአንዳቸው ደውሉ።